ሁለቱ ሰማያዊ ቀሚሶች

በቱል ዓይኗ በተገለጠ ቀን የሐኪሞቹ ድንኳን በእልልታ ተናወጠ፤ እሷ ግን እልል የሚያሰኘው ነገር የቱ ጋ እንዳለ ፈልጋ አጣችው። ፋሻው ሲነሳ አንድ ነገር በአንዴ ፊቷ ላይ ተደፋባት። ቅርጽ የለውም፣ ዳር የለውም፤ ይንቀሳቀሳል፣ ያቃጥላል። ሐኪሙ «ምን ይታይሻል?» ሲላት ቆይታ አሰበችና «ብዙ» አለችው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ጥሩ መልስ የመለሰች መሰላቸው፤ የተናገረችው ግን ጨንቋት ነው።

ከዚያ የእናቷ ድምፅ «እኔ ነኝ፣ እይኝ» አላት። እናቷ ቶማ የዱሮ ሰው ናት፤ በልጅነቷ ሁለቱም ጉንጮቿ ላይ ሦስት ሦስት ረጃጅም ብጣት ተበጥታለች። በቱል ከጡት ጀምሮ በእነዚያ መስመሮች ላይ ጣቷን ስታመላልስ ያደገች ናት። ከሺህ ሴት መሐል እናቷን በጉንጯ ትለያለች። አሁን ፊት ለፊቷ የተደቀነው ነገር ግን እዚህም ጠቆር፣ እዚያም ጠቆር ያለ ነው። ጠቆር ያለው ብጣት ይሁን አፍ፣ ጥላ ይሁን ዓይን፣ በምን ትለየው? ዓይኗን ጨፍና እጇን ሰደደች። ሦስቱ መስመሮች እዚያው ቦታቸው ላይ ነበሩ። ስትገልጥ ጠፉ። ደግማ ጨፈነች፣ መጡ። ደግማ ገለጠች፣ ሄዱ። እናቷ ልጄ ዓይኗን እያሟሸች ነው ብላ ፈጣሪን አመሰገነች።

ሐኪሙ ሲሸኛቸው ለቶማ፣ «የዓይኗን ሞራ እኔ ገፍፌዋለሁ፤ ማየቱን ግን የምትማረው እሷ ናት፣ ጊዜ ይፈልጋል» ብሏት ነበር። ቶማ ይህን የሐኪም ወግ አድርጋ ወሰደችውና መንገድ ላይ ረሳችው። ዓይን ከተከፈተ በኋላ ደግሞ የምን ትምህርት? ዓይን እንደሆነ ያያል።

በቱል ሞራውን ከእናቷ ሆድ ይዛው የወጣች ናት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያለ ዓይን ኖራለች፤ ኖራለች ስል ደግሞ ጥግ ይዛ አልተቀመጠችም። ከሲናር ወደ ላይ፣ ዓባይ ዳር ባለው በዚያ መንደር ከእሷ የተሻለ ሹሩባ ሠሪ አልነበረም። ሙሽራ ሁሉ በእጇ አልፋለች። ሲዲቅ የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር ወደዳት፣ አገባት፤ ተስኒምን ወለዱ። ተስኒም አራት ዓመት ሲሆናት ሲዲቅ በመንገድ ሞተ። የነገሩ ሁሉ መነሻ እዚህ ላይ ነው።

የሲዲቅ ታላቅ ወንድም ፈድል-ሙላ ይባላል፤ ሲናር ከተማ ሱቅ አለው። ክፉ ሰው አይደለም፣ ይህን ከአሁኑ ልናገር። የወንድሙን ልጅ እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚሳሳላት። ታዲያ ባለፈው ዓመት ተስኒም የመስኖ ቦይ ውስጥ ገብታ ውሃ ሊወስዳት ሲል አንድ አህያ ነጂ ደርሶ አወጣት። ይህን የሰማ ጊዜ ፈድል-ሙላ ቆረጠ፤ ልጅቷ ከእንግዲህ ሲናር ከአባቷ እናት ዘንድ፣ ዓይን ካለው ሰው ጋር ትደግ አለ። በቱል ልጄን ይዤ እጠፋለሁ ብላ ስትዝት፣ አማቷ ከትልቁ አልጋዋ ላይ ሆና «ዕውር ቢሸፍት ከጓሮ አያልፍ» አለች። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ያ ሳቅ በቱል አጥንት ውስጥ ገብቶ ቀረ። በመጨረሻ የመንደሩ ሽማግሌ ሼህ ዐውድ ገብተው አስታረቁ፦ ዓይን የሚያክሙ ሐኪሞች ይመጣሉ ተብሏል፣ በቱል ትታከም፤ እስከ ዒድ ዓይኗ ካየ ልጅቷ ከእናቷ ጋር ትቅር፣ ካላየ ወደ ሲናር ትሂድ። ሁሉም እጁን ዘርግቶ ተስማማ። ልጇ በሁለት ዓይኖቿ ላይ ተንጠለጠለች ማለት ነው።

ታዲያ እነዚህ ዓይኖች መጥተው ምን አደረጉላት? ግራ አጋቧት። ስሙን ሁሉ ታውቀዋለች እኮ። ቀይ፣ ሰማይ፣ ጥላ፣ ሩቅ፣ ቆንጆ፤ ዕድሜዋን ሙሉ ስታወራባቸው ኖራለች። ቀይ ለእሷ በርበሬ ሲወቀጥ አፍንጫ ውስጥ የሚገባው ነገር ነበር። ሰማይ ዝናብ የሚመጣበት ወገን ነው። ሩቅ ማለት ድምፅ ሲቀጥን ነው። አሁን የእያንዳንዱ ቃል ባለቤት እኔ ነኝ የሚል ነገር ከየአቅጣጫው መጣባት፤ የቱ የየትኛው እንደሆነ ግን ራሱን የሚያስተዋውቅ አልነበረም። የግቢው ዛፍ ጥላ መሬት ላይ ተኝቶ ስታይ ጉድጓድ መስሏት ዘላ አለፈችው። እውነተኛው ጉድጓድ ላይ ደግሞ ጥላ ነው ብላ ረግጣ ገባችበት። ጽዋ ልታነሳ እጇን ስትዘረጋ ጽዋው ገና ክንድ ሙሉ ይቀረዋል።

የሁሉ የከፋው ከሕክምናው የተመለሱ ዕለት የሆነው ነው። ተስኒም እጇን ለቃ ወደሚጠብቃቸው ጋሪ ሮጠች። በቱል ስታያት፣ ያ ነገር፣ ልጅሽ ናት የተባለው ነገር፣ እያነሰ፣ እያነሰ፣ የጣት ጫፍ አከለ። ልጄ እያለቀች ነው፣ ያዙልኝ ብላ መንገድ መሐል ጮኸች። ሰው ተሰበሰበ። ቶማ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ ሰው ሲርቅ እንዲያ ነው፣ ሁሉም ያንሳል፣ ምንም አይሆንም አለቻት። በቱል አላመነችም። ልጅቷ ተመልሳ መጥታ ጉልበቷን ስታቅፋት ቁመቷን በእጇ ከራስ እስከ እግር ለካች። ሙሉ ነበረች። እንግዲህ ማንን ትመን? እጇ ልጅሽ ሙሉ ናት ይላታል፣ ዓይኗ አለቀች ይላታል። እጇን ሠላሳ ዓመት ታውቀዋለች፤ ዓይኗ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው፤ ግን ልጇን የሚያስቀርላት እንግዳው ነው።

ስለዚህ ዋሸች። «አየሁ» አለች። አላየሁም ካለች፣ ወይም አያለሁ ግን ምን እንደማይ አላውቅም ካለች፣ ነገሩ ሳይመሽ ሲናር ይደርሳል። ሲጠይቋት ሁሉም ቆንጆ ነው ትላለች። የጎረቤት ሴት አዲስ ቶብ ለብሳ መጥታ «እንዴት ነው?» ስትላት «አማረብሽ» ትላለች። አንድ ጊዜ ግቢው በር ላይ ለተሰቀለ ምንጣፍ አማረብሽ ብላለች ይባላል፤ እኔ አላየሁም። ብቻዋን ስትሆን ዓይኗን ጨፍና ትሄዳለች፤ ያን ጊዜ ቤቱ ቤት፣ በሩ በር ይሆንላታል።

ሥራዋም ተበላሸ። ሴቶቹ፣ አሁንማ ዓይን ጨምራ ምን ልትሠራ ነው ብለው ተሰለፉ። እነሱ እያዩዋት ዓይን መጨፈን አትችልም፤ ዓይኗ ሲገለጥ ደግሞ ጣቷ ይደናበራል፣ የሹሩባው ፈለግ ይጣመማል። አንዷ መስታወት አይታ ስትወጣ «ዓይን ስታገኝ እጇ ታወረ» አለች። መንደሩ ይህን ቀልድ ወደደው። በቱልም አብራ ሳቀች፤ ሆዷ ግን ቀልዱ ሲናር እንዳይደርስ እየፈራ ነበር።

በዚህ መሐል አንድ ነገር ያዘች፦ ቢጫ። ከዚያ ሁሉ ውርጅብኝ ቢጫ ብቻ ይጮህላታል። የተስኒም ቢጫ ቀሚስ ከግቢው ጥግ ብቅ ሲል ታውቀዋለች። የሚሮጥ ቢጫ ተስኒም ነው፣ የተቀመጠ ቢጫ የተቀመጠች ተስኒም ናት። ፊቷንስ ተወው፤ የልጅ ፊት አንድ ቦታ አይቀመጥም፣ ሲዞር ሌላ ነው፣ ሲያጎነብስ ሌላ ነው፣ ሲስቅ ደግሞ ይሰነጠቃል። ቢጫ ግን ከሁሉም አቅጣጫ ቢጫ ነው። ቀሚሱን ማታ አጥባ ጠዋት ታለብሳታለች። ልጅቷ አሰለቸኝ ብትልም አልሰማቻትም። መንደሩም በቱል ልጇን ከሩቅ ስትጠራት እያየ፣ እውነትም አየች አለ። ቶማ እንኳ አምናለች።

ዒድ ደረሰ። ጠዋት በቱል ለተስኒም ቢጫውን አልብሳት፣ ዓይኗን ገልጣ ግቢው ውስጥ ከተሰበሰቡት ሴቶች ጋር ተቀመጠች። ፀሐይ ከፍ ሲል ፈድል-ሙላ በመኪና መጣ። ከእሱ ጋር ነጅላ የምትባል የራሱ ልጅ ነበረች፤ የተስኒም እኩያ፣ አጥንቷም ቁመቷም አንድ። ሰላምታው እንደ ወጉ ረዘመ፤ ስለ ጤና፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ፣ ደግሞ ስለ ጤና። ሼህ ዐውድም መጡ። ካርካዴ ቀረበ።

የሲዲቅ ቤተሰብ አንድ ልማድ አለው። ለዒድ ከአንድ ጣቃ ይቆረጥና ለሴት ልጆቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ቀሚስ ይሰፋል፤ ማንም ከማንም አንሳ እንዳትታይ ነው፣ ይልቁንም አባት የሞተባት። ፈድል-ሙላ የተስኒምን ድርሻ ይዞ መጥቷል፤ ሰማያዊ ቀሚስ ከነሻሹ። ቶማ ደስ ብሏት ሁለቱን ልጆች ይዛ ጓዳ ገባች፣ አጥባ፣ አንድ ዘይት ቀብታ፣ አንድ ሽቶ ረጭታ ማልበስ ጀመረች። በቱል ከሴቶቹ ጋር እያወራች ነበርና ይህን አልሰማችም። የደግ ሰው ስጦታ እንዲህ ጠላት ሆኖ ሲመጣ ማን ያስባል?

ፈድል-ሙላ ጽዋውን አስቀመጠና ጉሮሮውን ጠረገ።

«በቱል፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነው» አለ። «እናቴ አስምላኝ ነው የመጣሁት። ‹አየሽ ወይ ብለህ አትጠይቃት፣ አየሁ ማለቷ አይቀርም። ልጆቹን ዝም አሰኝተህ ፊቷ አቁማቸው፣ ሳትነካ ልጇን ትለይ› ብላኛለች።»

«የገዛ ልጇን?» አሉ ሼህ ዐውድ። «ይሄማ ፈተናም አይደለ።»

በቱል ጠዋት ያለበሰችው ቢጫ ትዝ አላት። «አምጧቸው» አለች፣ ኮራ ብላ እንኳ።

ዝም በሉ የተባሉት ልጆች አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ወጡ፤ ጨዋታ መስሏቸዋል። ቶማ ከኋላቸው ብቅ ስትል ነገሩን ሰማች፣ በሩን ይዛ ቀረች። በቱል ቀና ብላ ቢጫ ፈለገች። የለም። ግቢውን ዞራ ፈለገች። የለም። ፊት ለፊቷ ሁለት አንድ ዓይነት ነገሮች ቆመዋል፣ አንድ ቁመት፣ አንድ መልክ። ጆሮዋን ሰጠች፤ ዝምታ። አፍንጫዋን ሰጠች፤ አንድ ሽቶ፣ አንድ ዘይት። ዓይኗን ብትጨፍን ሰው ሁሉ ያያታል።  ልጄ ከእነዚህ ከሁለቱ አንዷ ናት፣ ዘጠኝ ወር ተሸክሜያታለሁ፣ ፀጉሯን ጥፍሯን አውቃለሁ፣ ታዲያ የቷ ናት? ማወቅ የት ሄደ? እንዴት ሰው የሚያውቀውን ነገር እያየ አያውቀውም?

የግራዋ ፀጥ ብላ ቆማለች። የቀኟ እጇን ከአፏ ስታነሳ፣ ከፊቷ ታችኛው በኩል አንድ ነጭ ነገር ብልጭ አለ። ይህን ተምራዋለች፤ ነጭ ሲወጣ ሳቅ ነው። በእኔ የምትስቅ ልጄ ናት፣ እንግዳ ልጅማ ታፍራለች አለች በልቧ። ተነሳች፣ ወደ ቀኟ ሄደች፣ አቀፈቻት።

እጇ ወዲያው አወቀ። ማጅራቷ ሌላ ነው፣ ጆሮዋ ሌላ ነው፣ ከሻሹ ሥር ያለው ሹሩባ የሌላ ሴት እጅ የሠራው ነው። የሌላ ሰው ልጅ አቅፋለች።  ብትለቃት አለቀላት፤ አቅፋት ብትቆይም አለቀላት። ምን እንደምትል ሳታውቅ አፏ ቀደማት።

«እንኳን መጣሽልኝ፣ ነጅላ» አለች፣ ግንባሯን እየሳመች። «የኔዋ ትቆይ። እንግዳ ሳይሳም የቤት ልጅ አይሳምም።»

 ከዚያ ሼህ ዐውድ መሬቱን በበትራቸው መቱ። «ፈድል-ሙላ፣ ልትፈትን መጥተህ ወግ አስተማረችህ» አሉ። ፈድል-ሙላ ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ ቆየ። ሲገልጠው፣ ከዛሬ ወዲያ ይህን ነገር የሚያነሳ ሰው፣ እናቱም ብትሆን፣ ጠቡ ከእሱ ጋር እንደሆነ በሁሉም ፊት ተናገረ። ቶማ እልልታዋን ለቀቀችው፣ ሴቶቹ ተቀበሏት። በቱል ወደ ግራዋ ዞራ ልጇን አቀፈች። ይህችኛዋ እውነተኛዋ ነበረች፤ ማጅራቷ፣ ጆሮዋ፣ ሹሩባዋ። ግን እንደ ምሰሶ ደርቃ ነው የቆመችው።

የዓሲዳው ገንፎ ተበላ፣ ሥጋው ተበላ። ፈድል-ሙላ ልጁን ይዞ ሄደ። በቱል ግቢው መሐል ቆመች። አሸንፋለች። ልጇ ቀርታላታለች፤ ማንም አይወስዳትም። ደስታው ግን አልመጣ አላት፤ ግራ መጋባቱ እንዳለ ነው። ተስኒምን ጠራች። መልስ የለም። ደግማ ጠራች። ከዚያ ዓይኗን ገልጣ፣ አንዱን ግድግዳ በትከሻዋ እየታከከች፣ ቤቱን ዞረች። ከኒሙ ዛፍ ሥር አንድ ሰማያዊ ነገር ተቀምጧል። ሰማያዊን የተማረችው ዛሬ ነው፣ በግድ።

«ተስኒም ነሽ?»

«ታዲያ ማን ልሁን?» አለች ልጅቷ። ድምፅዋ የወትሮው ድምፅ ነበር፣ ውሃ ቀዳሁ ስትል የምታወጣው። በቱል አጠገቧ ተቀመጠች። ልጅቷ ያንኑ ድምፅ ይዛ ቀጠለች። «ነጅላን እኔ መስላሽ ነው አይደል? መጀመሪያ እኔን አየሽኝ። ዓይኔን አየሽውና ወደ እሷ ሄድሽ።»

ሌላ ውሸት ምላሷ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ዋጠችው። «አዎ» አለች። «ዓይኔ ገና አያውቅሽም፣ ልጄ። እጄ ያውቅሻል፣ ዓይኔ ግን አያውቅሽም። ለምን እንደሆነ እኔም አልገባኝም።»

 በቱል ወደ ፊቷ ጠጋ አለች፤ እንዲህ ቀርባ አይታት አታውቅም። ከሁለቱ ጥቁር ነገሮች ሥር፣ ዓይን መሆን አለባቸው፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ነበር። ቁልቁል ይሄዳል፣ ቆም ይላል፣ ደግሞ ይሄዳል። ምን ይሆን? ሽቶው ይሆን? ፊቷን ታጥባ ይሆን? ልጅቷ ትንፋሿ አልተዛባም፣ ትከሻዋ አልተነቃነቀም። በቱል ጣቷን አነሳችና ነካችው። ሞቃት ነው። ጣቷን ወደ አፏ ወሰደችው። ጨው ነው።

«ተስኒም፣ እያለቀስሽ ነው?»

«አዎ» አለች ልጅቷ፣ በዚያው በደህና ድምፅ።

በቱል የምታውቀው ልቅሶ ድምፅ ነበር። ሳግ ነው፣ የሚሰበር ትንፋሽ ነው፣ ጩኸት ነው። ድምፅ ከሌለ ልቅሶ የለም። ልጄ አልቅሳ አታውቅም፣ እንደ አባቷ ጠንካራ ናት እያለች ለሴቶቹ ስታወራ ኖራለች። የሲዲቅ ሬሳ የገባ ቀን እንኳ በቱል ከልጇ ኋላ ተቀምጣ ፀጉሯን ስትሠራላት፣ ምን ሆንሽ ብትላት ልጅቷ ምንም አልሆንኩም ብላታለች። እንዲሁ በዚህ ድምፅ። የበቱል እጅ ከልጇ ራስ ላይ ነበር፤ የልጅቷ ፊት ግን ወደ ፊት ነበር።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምታለቅሺው?»

«አንቺ ጋ ስሆን» አለች ተስኒም። «ሲናር አያቴ ቤት ስሆን ጮክ ብዬ ነው።»

«ለምን?»

«ስትሰሚ ትፈሪያለሽ። ምን እንደሆንኩ ስለማታዪ እጅሽ ይንቀጠቀጣል።»

ከሰዓት በኋላው ፀሐይ በቅጠሎቹ መሐል እየገባ የበቱልን ዓይን ይወጋት ነበር። መጨፈን አማራት። ብትጨፍን ልጅቷ ደህና ትሆንላታለች፣ ድምፅዋ ደህና ነውና፤ ዕድሜዋን ሙሉ እንደኖረችው ያለችግር ትኖራለች። አልጨፈነችም። ያ የሚያብረቀርቅ ነገር የልጇን ጉንጭ ይዞ ሲወርድ፣ አገጯ ጋ ደርሶ ሰማያዊው ቀሚስ ላይ ሲንጠባጠብ፣ እስከ መጨረሻው አየችው።